ሴንትራል ኤሲ በጅማ፦ የመሣሪያው፣ የተከላውና የጥገናው ግምገማ

በጅሬን ኮረብታ ግርጌ ባለው መኖሪያ ቤታችን ያስገባነው ኤሲ የውስጥ ክፍሉ ከኮርኒስ በላይ የሚቀመጥ፣ የቀዘቀዘውን አየር በዳክት (በሰፊ የአየር ማስተላለፊያ ቱቦ) ለሳሎኑና ለሦስቱ መኝታ ክፍሎች የሚያከፋፍል፣ 36,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ አቅም መለኪያ ነው) አቅም ያለው፣ ኢንቨርተር የሚባለው፣ ፍጥነቱን እየቀያየረ የሚሠራ ማሽን ነው። በተለምዶ ሴንትራል ኤሲ የሚባለው ይኸው ነው። በጋውንም ክረምቱንም ከእኛ ጋር ስላሳለፈ፣ ስለ መሣሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ተከላውና ስለ ጥገናውም በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል። ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ፦ መሣሪያው ጥሩ ነው፤ የተከሉልን ሰዎች ሥራ ከፊሉ የሚያስመሰግን፣ ከፊሉ ግን ፈርሶ እንደገና መሠራት የነበረበት ነው፤ ጅማ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደግሞ በዋናነት ገንዘቡን የሚያወጣው ለደረቅ አየር መሆኑን ከመግዛቱ በፊት ቢያውቅ ብዙ ወጪና ብዙ ንትርክ ይቀርለታል።

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ የምትገኝ፣ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት። ሙቀቱ በሚበረታባቸው በየካቲትና በመጋቢት እንኳ የውጭው አየር ከ30 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ስለዚህ «ኤሲ ለድሬዳዋና ለጋምቤላ እንጂ ለጅማ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ከዘመድም ከጎረቤትም ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ክረምቱን እዚህ ያሳለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ቁም ሳጥን ውስጥ የተሰቀለ የክት ልብስ ኮሌታው ላይ ነጭ ሻጋታ ያወጣል፤ ሳይደረግ የከረመ የቆዳ ጫማ አረንጓዴ ይለብሳል፤ የመኝታ ቤት ግድግዳ በማዕዘኑ በኩል ይጠቁራል፤ አስም ያለበት ሰው በቤቱ ካለ ደግሞ ሌሊቱ ይረዝማል። በበጋው በኩል ሌላ ችግር አለ፤ ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው የሰበሰበው ሙቀት በኮርኒሱ አልፎ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ውጭው ነፋሻ ሆኖ ሳለ ሳሎኑ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ድረስ ይታፈናል።

ይህ ሁለተኛው ችግር በኤሲ ከመፈታቱ በፊት በጣሪያው መፈታት አለበት። የእኛ ቤት ኮርኒስ ጂብሰም ሲሆን፣ በእርሱና በቆርቆሮው መካከል ከባዶ አየር በቀር ምንም አልነበረም። ከኮርኒሱ በላይ የመስታወት ሱፍ ካስነጠፍን፣ በመስኮቶቹ ዙሪያ ያሉትን ክፍተቶች በሲሊኮን ካስደፈንን እና ፀሐይ በሚያርፍበት በምዕራብ በኩል ወፍራም መጋረጃ ካስሰቀልን በኋላ፣ ኤሲው ከመምጣቱ አስቀድሞ የሳሎኑ የማታ ሙቀት በግልጽ ቀንሶ ነበር። ወጪው ከኤሲው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው። እንዲያውም ችግሩ ሙቀት ብቻ ለሆነ ቤት፣ በዚህ ላይ አንድ የጣሪያ ፋን ጨምሮ መቆም ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ ይህን የሚነግር ሻጭ ግን እስካሁን አልገጠመኝም።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ አዲስ አበባ ያነጋገርነው አንድ መደብር ቤቱን ሳያይ በስልክ በነገርነው የካሬ ሜትር ልክ ብቻ ተነሥቶ 60,000 ቢቲዩ እንድንወስድ መክሮን ነበር። አንድ ቶን የሚባለው የማቀዝቀዝ አቅም 12,000 ቢቲዩ በሰዓት ነውና፣ ምክሩ ለአምስት ቶን ማሽን ነበር ማለት ነው። «ትልቅ ቢሆን ምን ይጎዳል? ቶሎ ያቀዘቅዝልዎታል» የሚለው አነጋገር ሲሰሙት ደስ ይላል። ጉዳቱ ያለው ግን በዚያው ቶሎ ማቀዝቀዙ ላይ ነው። ኤሲ ከአየር ላይ እርጥበት የሚያወጣው አየሩ በቀዝቃዛው ኮይል፣ ማለትም ጋዙ በሚዞርበት የቱቦ ጥቅልል ላይ ሲያልፍ ውኃው ጤዛ ሆኖ በመንጠባጠብ ነው፤ ይህ እንዲሆን ኮይሉ በደንብ ቀዝቅዞ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት አለበት። ከሚገባው በላይ ትልቅ የሆነ ማሽን የክፍሉን ሙቀት በጥቂት ደቂቃ አውርዶ ይቆማል፤ በኮይሉ ላይ የተሰበሰበው ውኃ ወደ ፍሳሽ ቱቦው ሳይደርስ መልሶ ይተናል፤ ቤቱም የቀዘቀዘ ግን የረጠበ ይሆናል። እንደ ጅማ ባለ ቦታ ከዚህ የከፋ ውጤት የለም። ኢንቨርተር ኮምፕሬሰር (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ፍጥነቱን እየቀነሰ መሥራት ስለሚችል ችግሩን ያቃልለዋል፤ ቢሆንም ኢንቨርተርም ቢሆን ከዚህ በታች መውረድ የማይችልበት ዝቅተኛ ወለል ስላለው፣ አቅሙ ከቤቱ ፍላጎት እጅግ ከበለጠ እርሱም ይበራል ይጠፋል።

በመጨረሻ የመረጥነው ክፍል በክፍል በተሠራ ሒሳብ ነው፤ የመስኮቱ ስፋትና የሚያይበት አቅጣጫ፣ የኮርኒሱ ሁኔታ፣ በክፍሉ የሚኖረው ሰው ቁጥር፣ ቴሌቪዥንና ፍሪጅን የመሳሰሉ ሙቀት አመንጪዎች ሁሉ ተደምረው። በዚህ ሒሳብ ላይ ብዙዎች የሚረሱት አንድ ነገር አለ፦ ከፍታችን። በካታሎግ ላይ የሚጻፈው አቅም በባሕር ወለል ደረጃ የተለካ ነው። ጅማ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 81 ወይም 82 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር የሚገፋው አየር በክብደት ሲለካ ያነሰ ይሆናል፤ የውጭው ክፍልም ሙቀቱን የሚያስወግድበት አየር ያንስበታል። ስለዚህ አምራቹ ያወጣውን የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ ከሻጩ ጠይቆ ማየት ይገባል። ያ ቅናሽ ታስቦለት እንኳ፣ ጣሪያው ለተሸፈነው ለእኛ ቤት 36,000 ቢቲዩ ከበቂ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

በዳክት የሚሠራው ይሻላል ወይስ በየክፍሉ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ስፕሊት? በውበት በኩል ዳክቱ ያሸንፋል፤ ከኮርኒሱ ላይ ከሚታዩት ቀጫጭን ፍርግርጎች በቀር ምንም አይታይም፤ ድምፁም መኝታ ቤት ውስጥ ከቅጠል ኮሽታ አይበልጥም። በወጪ በኩል ግን ለብዙዎቹ የጅማ ቤቶች፣ በተለይ ቀን ቀን ሰው የማይኖርባቸው ክፍሎች ላሏቸው፣ ለሳሎንና ለአንድ መኝታ ቤት ሁለት ትናንሽ ስፕሊቶች ማስገባት ብልህነት ነው፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሠራል፤ ጥገናውም ኮርኒስ መክፈት አይጠይቅም። እኛ ዳክቱን የመረጥነው የቤቱ ኮርኒስ ገና ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ስለነበረና እርጥበቱን ከመላው ቤት ለማውጣት ስለፈለግን ነው። ኮርኒሱ ተዘግቶ ባለቀ ቤት ላይ ዳክት ለማስገባት ማፍረስን አልመክርም።

ስለ ዳክቱ ሌላም መባል ያለበት አለ፤ ይኸውም ስለ ቡናችን ነው። የመሣሪያው አየር መሳቢያ የተቀመጠው ሳሎን ውስጥ በመሆኑ፣ ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ ጢሱ በቀጥታ ተስቦ በየመኝታ ቤቱ ይከፋፈላል፤ ዘይታማው ጢስ በፊልተሩና በኮይሉ ላይም ይለጠፋል። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት አገር ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኛ ቡናው በረንዳ ላይ እንዲቆላ፣ ሳሎን ውስጥ ሲሆን ደግሞ ኤሲው ጠፍቶ መስኮት እንዲከፈት አድርገናል። ገና ንድፍ ላይ ያለ ቤት ያለው ሰው ግን መሳቢያውን ከሳሎኑ ይልቅ በኮሪደሩ ኮርኒስ ላይ እንዲያስቀምጡለት ቢያደርግ ይሻላል።

በማሽኑ ውስጥ ስላለው ጋዝ በአጭሩ ልበል። ገበያ ላይ አሁንም አር-22 የሚጠቀሙ አሮጌ ማሽኖች በርካሽ ይገኛሉ፤ ይህ ጋዝ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በታዳጊ አገሮችም ጭምር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ከገበያ እንዲወጣ የተወሰነበት ነው፤ ነገ የሚሞላው ይታጣልና ዋጋው ምንም ያህል ቢያማልል አይገዛም። ቀሪው ምርጫ በአር-410ኤ እና በአር-32 መካከል ነው። አር-32 ከባቢ አየርን የማሞቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 675 እጥፍ ሲሆን፣ የአር-410ኤ 2,088 እጥፍ ነው፤ የመጀመሪያው በመጠኑ ተቀጣጣይ ስለሆነ ግን የሚተክለው ሰው ጠንቃቃ መሆን አለበት። የእኛው አር-410ኤ ነው፤ ምክንያቱም ጅማ ላይ ያሉት ቴክኒሻኖች ይዘውት የሚመጡት ጋዝ እርሱ ነው። የሚጠግነው ሰውና የሚሞላው ጋዝ በቅርብ መገኘታቸውን ከቁጥሮቹ አስበልጫለሁ።

ተከላው የዚህ ግምገማ ዋና ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ከገዛነው ማሽን ይልቅ የቤታችንን ምቾት የወሰነው እርሱ ነው። ተካዮቹ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው የመጡ፣ ትሑትና ታታሪ ወጣቶች ነበሩ። የመዳብ ቱቦው ብየዳ ንጹሕ ነበር፤ ሲበይዱ በቱቦው ውስጥ ናይትሮጅን ስላሳለፉ ውስጡ ጥቀርሻ አልያዘም፤ ከዚያም በናይትሮጅን ግፊት ሞልተው አሳድረው መፍሰስ አለመፍሰሱን አይተዋል። ይህን ሁሉ አመሰግናለሁ።

ዳክቱ ላይ ግን ቸኩለዋል። ተጣጣፊውን ዳክት በልኩ ቆርጠው እንደመወጠር ትርፉን አጣጥፈው ኮርኒሱ ላይ ስለተዉት፣ በሁለት ቦታ ረግቦ ተቆልምሞ ነበር። እንዲህ ያሉ ከኮርኒስ በላይ የሚቀመጡ ማሽኖች ፋናቸው አየሩን የሚገፋበት ጉልበት የተወሰነ ነው፤ እያንዳንዱ እጥፋት ከዚያ ጉልበት ላይ ይቀንሳል። በዚህም የተነሣ በመጨረሻው መኝታ ቤት ፍርግርግ ሥር የተያዘ አንድ ቅጠል ሶፍት እንኳ አይንቀሳቀስም ነበር፤ ሳሎን ውስጥ ግን ያው ሶፍት እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ሌላው ጉድለት በዳክቱና በፍርግርጉ መጋጠሚያ ላይ ያለውን የብረት አንገት ሳይሸፍኑት መተዋቸው ነው። በሐምሌ እርጥበት ላይ ያ ባዶ ብረት እንደ ቀዘቀዘ ያልበዋል፤ ላቡም ወደ ጂብሰሙ ወርዶ በፍርግርጉ ዙሪያ የሻይ ቀለም ያለው ክብ እድፍ አወጣ። ጣሪያው የሚያፈስስ መስሎን ቆርቆሮ ሠሪ ጠርተን ነበር፤ ቆርቆሮው ደኅና ነበር።

ሥራውን ያስተካከለልን እዚሁ ጅማ የሚሠራ፣ በዕድሜ የገፋ የፍሪጅና የኤሲ ባለሙያ ነው። ዳክቱን አሳጥሮ ወጥሮ በየአንድ ሜትር ተኩሉ ሰፊ ማንጠልጠያ አሰረለት፤ አንገቶቹን በፎም ሸፍኖ በአሉሚኒየም ፕላስተር ዘጋቸው፤ የፍሳሽ ቱቦውን በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር እንዲያዘቀዝቅ አድርጎ እንደገና አነጠፈው። ቱቦውን ሲጨርስ ውጭ አምስት ሊትር ጀሪካን ሥሩ አስቀመጠ፤ ከምሳ በኋላ የተቀመጠው ጀሪካን ከምሽቱ በፊት ሞልቶ ይፈስ ነበር። ያ ሁሉ ውኃ ከቤታችን አየር የወጣ ነው፤ የኤሲን ሥራ በዓይን ለማየት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አላውቅም። ከማሽኑ ሥር ባለው የውኃ መቀበያ ሣህን ላይም ውኃው ከመጠን ሲያልፍ ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ጨመረበት፤ ዋጋው ትንሽ፣ የሚያድነው ኮርኒስ ግን ብዙ ነው።

እርሱ ሲሠራ አጠገቡ ቆሜ ያየሁት አንድ ነገር ለሌሎችም ይጠቅማል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት በቱቦው ውስጥ ያለው አየርና እርጥበት በቫኩም ፓምፕ ተስቦ መውጣት አለበት። ረዳቱ ፓምፑን አስነሥቶ መለኪያውን ሲያይ፣ መርፌው 24 ላይ ደርሶ ቆመ፤ በሜርኩሪ ኢንች የሚቆጥረው ሰሌዳ ደግሞ እስከ 30 ይላል። «ጋሼ፣ ፓምፑ ደክሟል መሰለኝ፤ ሠላሳ አልገባ አለ» አለ ወደ ባለሙያው ዞሮ። እርሱም ሳይቸኩል «ሠላሳ የሚገባው ጅቡቲ ነው፤ እዚህ ከሃያ አራት፣ ሃያ አምስት አያልፍም፤ ጥሩ ነው» አለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ያ መለኪያ የሚያሳየው በዙሪያው ካለው አየር በታች ምን ያህል እንደወረደ ነው፤ የጅማ አየር ራሱ ከባሕር ወለሉ የቀለለ ስለሆነ፣ ባዶው ፍጹም ቢሆንም መርፌው ሠላሳ ሊደርስ አይችልም። ይህን የማያውቅ ቴክኒሻን ወይ ደኅናውን ፓምፕ ይጥላል፣ ወይም ደግሞ ደካማውን ፓምፕ «ከፍታው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጥርጥር የማይተወው በማይክሮን፣ ማለትም በቱቦው ውስጥ የቀረውን ግፊት በሚቆጥር ጥቃቅን መለኪያ የሚለካው ዲጂታል መሣሪያ ነው፤ እርሱ በከፍታ አይለዋወጥም፤ ከ500 ማይክሮን በታች ወርዶ ፓምፑ ሲዘጋ እዚያው ከቆየ ቱቦው ደረቅ ነው፣ አያፈስስምም። ኤሲ የምታስገቡ ሁሉ ቴክኒሻኑ ይህ መለኪያ እንዳለው ሥራው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ።

የውጭው ክፍል አቀማመጥ ላይ ብዙም የምለው የለም፤ ከግድግዳና ከአጥር ራቅ ብሎ፣ የሚተነፍሰው ሙቅ አየር ተመልሶ የማይሳብበት፣ ከማገዶ ጢስ የራቀ፣ ጎርፍ የማይደርስበት ከፍ ያለ መቆሚያ ላይ መሆን አለበት። ከኋላ ያለው ክፍተት ስንት እንደሆነ ከማሽኑ ጋር በሚመጣው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ኤሌክትሪኩ ግን ሰፊ ትኩረት ይሻል። እንዲህ ያለ ማሽን በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በ220 ቮልት 15 አምፒር ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ ከቆጣሪው ሳጥን ለብቻው የተሳበ ወፍራም ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የተቀበረ ግራውንድ ያስፈልገዋል፤ ከምጣድ ጋር በአንድ መስመር ማያያዝ ፈጽሞ አይገባም። በሰፈራችን ማታ ማታ ኃይሉ ይወርዳል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስም ከፍ ብሎ ይመጣል። ኢንቨርተር ማሽኖች የቮልቴጅ መዋዠቅን በመጠኑ ይችላሉ፤ የሚቃጠልባቸው ግን ውዱ ክፍላቸው፣ ማለትም ቦርዱ ነው። ቮልቴጁ ከልኩ ሲወጣ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ የሚያበራ መከላከያ ሳይገጠም ማሽኑን ማስነሣት አይገባም። በነጎድጓዳማው ወቅት እኛ ማዕበል ሲያይል ብሬከሩን እናወርዳለን።

ስለ አጠቃቀሙ፦ ሪሞቱን 18 ላይ ማድረግ ቤቱን ቶሎ አያቀዘቅዘውም፤ የምናደርገው 24 ወይም 25 ሲሆን፣ ፋኑን ዝቅተኛ ፍጥነት ላይ እንተወዋለን፤ አየሩ በኮይሉ ላይ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ውኃውን ይበልጥ ይተዋልና። ፋኑም ከኮምፕሬሰሩ ጋር አብሮ እንዲቆም መደረግ አለበት፤ ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ፋኑ ብቻ ከቀጠለ የተሰበሰበውን ውኃ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ሲጠና ያው ማሽን በማሞቂያነት ይሠራል፤ ሕፃናትና አረጋውያን ላሉበት ቤት ይህ ያልጠበቅነው በረከት ሆኖልናል።

ጉድለቱንም ልናገር። በሐምሌና በነሐሴ፣ ውጭው 19 ወይም 20 ዲግሪ ሆኖ ሁሉ ነገር በሚረጥብበት ሌሊት፣ ኤሲው በ«ድራይ» (እርጥበት ማውጫ) ላይ ቢደረግም ክፍሉን ወደ ብርድ ሳያወርድ ብዙ ውኃ ሊያወጣ አይችልም። ለዚያ ወቅት ቁም ሳጥኑ አጠገብ የሚቀመጥ፣ እርጥበት ብቻ የሚያወጣ አነስተኛ መሣሪያ ይበልጣል፤ እኛም አንድ ጨምረናል። ችግሩ የልብስ ሻጋታ ብቻ የሆነበት ሰው ሴንትራል ኤሲ ሳይገዛ በእርሱ ቢጀምር ገንዘቡን ያተርፋል።

ወርኃዊ ወጪውን ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ማሽኑ በቀን አምስት ሰዓት በሙሉ አቅም ቢሠራ በወር 450 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተር አብዛኛውን ጊዜ ከሙሉ አቅሙ በታች ስለሚሠራ የእኛ ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ቢሆንም የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በፍጆታ እርከን የሚጨምርና ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ያለው የመጨረሻው እርከን ከሁሉ የሚወደድ በመሆኑ፣ ኤሲው ምጣዱንና የውኃ ማሞቂያውን ጭምር ወደ ውዱ እርከን ሊጎትታቸው ይችላል። የመሣሪያውን ዋጋ ግን እዚህ መጻፍ አይጠቅምም፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዋጋ ማቅረቢያ የሚጸናው ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። የሚጠቅመው ማቅረቢያው የመዳብ ቱቦውን፣ ዳክቱን፣ ገመዱን፣ መከላከያውንና የባለሙያውን ጉዞ ያካተተ መሆኑን በጽሑፍ ማረጋገጥ ነው፤ ከማሽኑ ውጭ ያለው ወጪ ተደምሮ ሲታይ ያስደነግጣልና።

በጥገና በኩል ፊልተሩን የምናጥበው ራሳችን ነን፤ በበጋ አቧራው ሲበዛ በየሁለት ሳምንቱ፣ በሌላው ጊዜ በወር አንዴ፣ ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ሳሙና፣ ከዚያም በጥላ ሥር እናደርቀዋለን። የቆሸሸ ፊልተር አየሩን ስለሚያግድ ኮይሉ በረዶ ይሠራል፤ ቀጥሎም ውኃው ከሣህኑ ያልፋል። የውጭው ኮይል በዓመት አንዴ ሲታጠብ ውኃው በዝግታ መፍሰስ አለበት፤ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ስሶቹን የአሉሚኒየም ክንፎች ያጣጥፋቸዋል። የፍሳሽ ቱቦው ውስጥ የሚያድገውን ዝልግልግ በየክረምቱ መግቢያ ላይ ሞቅ ባለ ውኃና በኮምጣጤ እናጸዳዋለን። ኮርኒስ ውስጥ ገብተው ሽፋኑንና ገመዱን የሚቆራርጡትን አይጦች ለመከላከል ደግሞ ቱቦዎቹ የሚያልፉባቸውን ቀዳዳዎች በሽቦ ወንፊትና በሲሚንቶ ዘግተናል።

ከሁሉ በላይ ባለቤቶች እንዲያውቁት የምፈልገው ስለ ጋዝ መሙላት ነው። «ዓመት ሞልቶታል፣ ጋዝ ይጨመርለት» የሚል ቴክኒሻን ብዙ ነው። ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፤ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ ለብዙ ዓመታት ይኖራል። ከጎደለ የሚያፈስስ ቦታ አለ ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜም የሚያፈስሰው ቱቦዎቹ በዳዶ በሚታሰሩበት መጋጠሚያ ላይ ነው። በሳሙና አረፋና በናይትሮጅን ፈልጎ፣ ጠግኖ፣ እንደገና ቫኩም አድርጎ፣ በማሽኑ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን መጠን በሚዛን መዝኖ መሙላት ትክክለኛው መንገድ ነው። አር-410ኤ የሁለት ጋዞች ቅይጥ በመሆኑም ከጠርሙሱ በፈሳሽነቱ መሞላት አለበት። ሚዛን ሳይዝ የመጣ ሰው በግምት ሊሞላ ነውና መመለስ ይኖርበታል።

አሁን ከጅማው ባለሙያ ጋር በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም በጥር መጨረሻ ከሙቀቱ በፊትና በግንቦት ከዝናቡ በፊት እንዲያይልን ተስማምተናል፤ ሲመጣ የጋዙን ግፊት፣ የሚሳበውን አምፒርና በመሳቢያውና በፍርግርጉ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋል፤ ደብተሩም በቆጣሪው ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የቀረው ሥጋት መለዋወጫ ነው። ፋንና ካፓሲተር ጅማም ይገኛሉ፤ የኢንቨርተር ቦርድ ግን ከአዲስ አበባ ታዝዞ መምጣት ስላለበት፣ ከሻጩ ጋር ስንዋዋል ቦርዱና ኮምፕሬሰሩ ለስንት ዓመት ዋስትና እንዳላቸው፣ የማጓጓዣውንና የባለሙያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንና ዕቃው በስንት ቀን መድረስ እንዳለበት በውሉ ላይ እስኪያሰፍር ድረስ ቅድሚያ ክፍያ አልከፈልንም።